ከሁሉ በላይ የሚታይ ዘንግ

ሎሪን ቮሲካ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታ አንድም ቀን ልጅ ጥላ ሄዳ አታውቅም። ጠዋት ሲገቡ ትቆጥራለች፤ ከሰዓት ሲወርዱ ትቆጥራለች፤ ሁሉም ወርደው አውቶቡሱ ባዶ ሲሆን ደግሞ እንቅልፍ የጣለው ይኖር እንደሆን ብላ እስከ መጨረሻው ወንበር ጎንበስ እያለች ታያለች። በሚሎቪትስ፣ ከበቆሎና ከባቡር ሐዲድ በቀር ብዙም ነገር በሌላት በዚያች የኔብራስካ መንደር፣ ከአርባ ዓመት በታች ያለው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በእሷ ጣት ተቆጥሮ ያደገ ነው።

ባሏ ዴልመር ደግሞ ዕድሜውን ሚዛን ላይ የፈጀ ሰው ነው። በእህል ጎተራው በር ላይ ካለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ በቆሎ ጭኖ የሚገባውን መኪና ሁሉ ሲመዝን አርባ ዓመት ቆየ። መኪናው ሚዛኑ ላይ ሳይወጣ፣ ገና ከዋናው መንገድ ሲታጠፍ አይቶ ክብደቱን ይናገር ነበር፤ ብዙም አይስትም። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር፣ ሲስቅ ትከሻው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበር።

ሁለቱ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥሎ የማይቀሩበት ነገር ቢኖር የአሜሪካ እግር ኳስ ነው። በመከር ወራት ዩኒቨርሲቲው በሜዳው በሚጫወትበት ቅዳሜ ሁሉ ፒክአፓቸውን ጭነው አንድ ሰዓት ከሩብ ይነዳሉ። ከስታዲየሙ በስተምዕራብ ባለው ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የቆሙት እዚያው አንድ ቦታ ላይ ነው። የፒክአፑ የኋላ ክዳን ይወርዳል፣ ቀዩ ድንኳን ይተከላል፣ ከሰሉ ይያያዛል፣ ቋሊማው ይጠበሳል፤ ሎሪን ከቤት ያመጣችው ቺሊ የሚባለው የሥጋና የባቄላ ወጥ በትልቁ ድስት ሞቆ ከቀረፋ ዳቦ ጋር ይበላል። ከጎናቸው የሚቆሙት ዌንደል ኩቼራና ሚስቱ አርሊስ ናቸው። አራቱ በየዓመቱ ከመከር እስከ መከር ባይገናኙም፣ ባለፈው ዓመት ካቋረጡት ወሬ ላይ ይቀጥላሉ።

ዴልመር የጠፋው በሃያ ዘጠነኛው ዓመት የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን ነው። «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብሎ ሄደ። ሽንት ቤቶቹ ረድፉ ጫፍ ላይ ናቸው፤ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ሩብ ሰዓት ሆነ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሎሪን ማማሰያውን ለአርሊስ ሰጥታ ልትፈልገው ሄደች።

ያገኘችው ከሰባት ረድፍ ወዲያ ነው። የሰው ድንኳን ውስጥ፣ የሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የሰው ሳህን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይበላል። ቀይ ድንኳን፣ ድንኳኑ ጥግ ላይ ቀይ ባንዲራ፣ ግራጫ ፒክአፕ፤ ሁሉም ልክ እንደ እነሱው። አጠገቡ የቆመችው ቀይ ሹራብ የለበሰች ሴት ሳቋን መግታት አቅቷት ነበር።

«ያንቺ ነው እንዴ?» አለቻት። «እኔን እኮ ሎሪን ነው የሚለኝ። ‹ሎሪን፣ ዛሬ ጨው አብዝተሻል› አለኝ።»

የድንኳኑ ሰዎች ሳቁ። ሎሪንም አብራ ሳቀች። ዴልመር ቀና ብሎ አንዴ ሴትዮዋን፣ አንዴ ሎሪንን አየ። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየችውን ነገር ሎሪን ከዚያ በፊት የምታውቀው፣ በመጀመሪያው የትምህርት ቀን አውቶቡስ የሚሳፈሩ የአምስት ዓመት ልጆች ፊት ላይ ብቻ ነው። ወዲያው ግን ሳህኑን መሬት አስቀመጠና ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

«ጨው ግን በዝቷል» አለ።

ሐኪሙ ክረምቱ መጨረሻ ላይ ነግሯቸው ነበር። የመርሳት በሽታ ነው፣ ይብሳል እንጂ አይሻልም፣ ብቻውን ባይሄድ ይሻላል አላቸው። ሎሪን ለማንም አልተናገረችም። ዴንቨር ለምትኖረው ልጃቸው ለጃኔል እንኳ ግማሹን ነው የነገረቻት።

«እማዬ፣ ኳሱ ይቅርባችሁ» አለቻት ጃኔል በስልክ። «ሰማንያ ሺህ ሰው መሀል ምን ልታደርጉ?»

«ይሄን ዓመት ብቻ።»

«ቢጠፋስ?»

«አይጠፋም» አለች ሎሪን፤ የጠፋ ዕለት ማግስት ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ሎሪን ያን ሳምንት ሳህን ስታጥብ፣ አልጋ ስታነጥፍ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። በዚያ ሜዳ በሰው ብዛት የተነሳ ስልክ አይሠራም፤ ቢሠራም ዴልመር ስልኩን እንደ ድንጋይ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል እንጂ አያነሳውም። ረድፎቹ ቁጥር አላቸው፤ ቁጥር ግን መርሳት ጀምሯል። እዚያ ሰው የሚገናኘው በባንዲራ ነው፤ «ከላሟ ባንዲራ ሥር ጠብቀኝ»፣ «ከሰማያዊው በስተግራ ነን» ይባባላሉ። እንግዲህ ዴልመር የትም ሆኖ ቀና ሲል የሚያየው ነገር መኖር አለበት። ከሰው ሁሉ በላይ የሚታይ።

የእርሻ ዕቃ መደብሩ ባለቤት ትሮይ ይባላል። ልጅ ሳለ በአውቶቡስ ቁጥር ሰባት የኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ እየጣለው ሎሪን በየቀኑ ቀስቅሳ ታወርደው ነበር። አሁን ፀጉሩ ከፊት የሳሳ፣ ሆዱ ገፋ ያለ ሰው ነው፤ እሷን ሲያይ ግን አሁንም ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«ሚስስ ቮሲካ። ምን ልርዳዎት?»

«የባንዲራ ዘንግ። መኪና ላይ የሚቆም።»

«ድንኳኑ ጥግ ላይ የምትታሰረው ጨርቅ አረጀች?»

«ዘንግ ነው ያልኩህ ትሮይ።»

ሦስት ዓይነት አውጥቶ መሬት ላይ ዘረጋላት። የመጀመሪያው ሦስት ቁራጭ የሚጋጠም ፋይበርግላስ ነው፤ ከመኪናው ኋላ ተሳቢ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ይሰካል፣ ቁመቱ አሥራ ስድስት ጫማ ይሆናል። ንፋስ ሲመታው ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም። ሁለተኛው አንዱ ባንዱ ውስጥ የሚገባ አሉሚኒየም ነው፤ ሃያ ጫማ። ሲመዘዝ በየመገጣጠሚያው ያለችው አዝራር ብቅ ትልና ትይዘዋለች። ሦስተኛው ያው አሉሚኒየም ሆኖ ወፍራም ነው፤ ሃያ አምስት ጫማ። የሚቆመው ከባድ የብረት ሰሌዳ ላይ ነው፤ ሰሌዳውን መሬት አድርገው የመኪናውን ጎማ ይነዱበታል፣ የመኪናው ክብደት ይይዘዋል። መገጣጠሚያው በመጠምዘዝ ነው የሚጠብቀው።

«ሌሎቹ ስንት ጫማ የሚረዝም ያቆማሉ?» አለች ሎሪን።

«አብዛኛው ሃያ።»

«ከስድስት መቶ እርምጃ የሚታየው የቱ ነው?»

ትሮይ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «እሱ እንኳ ይሄ ረጅሙ ነው። ግን ለእርስዎ ይከብዳል።»

«በበረዶ ላይ አሥራ አንድ ቶን አውቶቡስ ስነዳ አንተ ኋላ ተኝተህ ነበር።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ቶሎ ተወው።

«አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ይሄኛው ቀልድ አይደለም። ይሄ ብረት ነው። ከዙሪያው ሁሉ ረዝሞ ነው የሚቆመው። ሰማዩ ካጉረመረመ ከምግቡም ከሰውም በፊት እሱን ያውርዱ፤ ሥሩ ማንም እንዳይቆም። ባለፈው ዓመት አንድ የማውቀው ሰው አጠገብ ያለ ድንኳን ተመቶ ድስቱ ድረስ ቀልጧል። እኔን ከሰሙኝ ፋይበርግላሱን ይውሰዱ።»

«እሱ ከሌሎቹ በታች ነው። አይታይም።»

«ለማን ነው የሚታየው?»

ሎሪን ጎንበስ አለችና ባንዲራው የሚታሰርባትን ቀለበት በጣቷ አዞረቻት። ቀለበቷ ዘንጉን እየመታች ቀጭን ድምፅ አሰማች።

«ለዴልመር» አለች።

ከጃኔል ቀጥሎ ነገሩን ከአፏ የሰማ ሰው ትሮይ ነው። ረጅሙን ዘንግ ጠቅልሎ፣ ሰሌዳውን ተሸክሞ፣ መኪናዋ ላይ ጫነላት። መስኮቱ ጋ ቆም ብሎ «ሰማዩን ብቻ» አላት፤ ሌላ አልጨመረም።

ባንዲራውን ራሷ ሰፋችው። ቀይ አላደረገችውም፤ የቡድኑ ቀለም ነውና ቀይማ ሜዳው ሙሉ ነው። ቢጫ ነው የገዛችው፣ የአውቶቡሷን ቢጫ፤ ዴልመር ያን ቀለም ሠላሳ አንድ ዓመት በየቀኑ ከሚዛን ቤቱ መስኮት ሲያልፍ አይቶ እጁን ያነሳለት ነበር። የአልጋ አንሶላ የሚያህል አድርጋ ዳርና ዳሩን ሁለት ጊዜ ሰፋችው።

ከቤታቸው ጀርባ ባለው በታጨደ የሣር ማሳ ላይ ሞከሩት። ዘንጉን ስትመዘው ሦስተኛው መገጣጠሚያ እምቢ አላትና ባንዲራው ግማሽ ላይ ቆመ። ዴልመር ከማሳው ዳር ሆኖ አየው። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ማን ሞተ?» አላት።

«ማንም አልሞተም። ተቀርቅሮ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝቅ ብሏል?»

መገጣጠሚያውን በጨርቅ ይዛ በኃይል ጠመዘዘችው፤ ተላቀቀና ባንዲራው ከፍ አለ። ዴልመር ግን ባርኔጣውን መልሶ ለማድረግ ጥቂት ቆየ። የዚያን ቀን አራት ጊዜ ከማሳው ወዲያ ማዶ ላከችው፤ አራቱንም ጊዜ ቢጫውን አይቶ ቀጥ ብሎ መጣ። ማታ እራት ላይ ሎሪን ከብዙ ጊዜ በኋላ ምግብ ጣፈጣት።

ሁለተኛው ጨዋታ ላይ አርሊስ ባንዲራውን አይታ ወገቧን ያዘች።

«ቢጫ? ቢጫ ከሚለብሱት ተጋጣሚዎቻችን ወገን ሆንሽ እንዴ?»

«ዓይኔ ደክሞ ነው፤ ቀይ መስሎኝ ነው የገዛሁት» አለች ሎሪን።

«ኧረ ሎሪን፣ ከጨረቃ ላይ ይታያል እኮ» አለ ዌንደል ቀና ብሎ። «የጠፋ አውሮፕላን ሊያርፍብን ነው።»

ዴልመር ያን ቀን ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ሦስተኛው ጨዋታ ላይም እንዲሁ። ሎሪን መጀመሪያ ላይ ከኋላው ተደብቃ ትከተለው ነበር። አንዴ ዞር ሲል አያትና ፊቱ ተለወጠ።

«ካንቺ አውቶቡስ ልጆች አንዱ አይደለሁም» አላት። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከዚያ ወዲህ መከተሏን ተወች። ሄዶ እስኪመጣ የእጅ ሰዓቷን እያየች ትቆያለች እንጂ ከድንኳኑ አትወጣም።

አራተኛው ጨዋታ የዋለው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። በዚያ ወቅት ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይገኛል፤ ያን ቀን ግን ሰው ሹራቡን አውልቆ ነበር የዋለው። ንፋሱ ከደቡብ ነው፤ ሞቃትና እርጥብ፣ እንደ ከብት ትንፋሽ። የከሰሉ ጭስ ወደ ላይ መውጣት ትቶ መኪኖቹ መሀል ይንከባለላል። የዘንጉ ቀለበቶች ከጠዋት ጀምሮ አላረፉም፤ ብረቱን ይመቱታል፣ ዝም ይላሉ፣ ደግሞ ይመቱታል።

«ያንን ነገር ዝም አስብይልኝ» አለች አርሊስ። «የቀብር ደወል መሰለኝ።»

ጨዋታው ሊጀመር ሁለት ሰዓት ገደማ ሲቀረው ሎሪን ወደ ምዕራብ አየች። ከመኪኖቹ ጣሪያ ወዲያ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ጥቁረቱ ከሥሩ አረንጓዴ ነገር አለበት። የመንደር ሰው ነችና ያን አረንጓዴ ታውቀዋለች፤ በረዶ የያዘ ደመና ነው። ዞር ስትል ዴልመር ወንበሩ ላይ የለም።

«ዴልመርስ?»

«አሁን ወደ ሽንት ቤት ሄደ» አለ ዌንደል። «ነግሮኝ ነው የሄደው።»

ሰዓቷን አየች። አራት ደቂቃ እንኳ አልሞላም ይሆናል። ልትከተለው ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። እሱ ሲመለስ እሷን ካጣት የባሰ ይሆናል። ባንዲራው አለ። አይቶት ይመጣል።

ያን ጊዜ ድምፅ ማጉያው ተናገረ። መብረቅ ከስምንት ማይል ባነሰ ርቀት ላይ ታይቷል፤ የባንዲራ ዘንግና ድንኳን ያለው ሁሉ አሁኑኑ ያውርድ፤ ሁሉም ሰው መኪናው ውስጥ ወይም ስታዲየሙ ውስጥ ይግባ። ሁለት ጊዜ ደገመው።

ሜዳው ላይ ሺህ ባንዲራ ነበር። ሎሪን ሲወርዱ ታያቸው ጀመር። መጀመሪያ ከሩቅ ያሉት፣ ከዚያ ቅርቡ፤ ቀዩ ሁሉ በየረድፉ እንደሚታጨድ እህል ዝቅ ዝቅ አለ። ብዙም ሳይቆይ ከመኪኖቹ በላይ የቀረው አንድ ብቻ ሆነ። ቢጫው።

ዝናቡ በትልልቁ መውረድ ጀመረ። ከሜዳው ወደ ስታዲየም የሚሮጠው ሰው ሁሉ አልደረሰለትም፤ ያገኘው ድንኳን ሥር ይገባል። የሎሪን ድንኳን ሥር የዌንደል ልጅና ባሏ ገቡ፣ ሦስት ወጣቶች ቢራቸውን እንደያዙ ገቡ፣ ጨቅላ ልጅ ደረቷ ላይ ያቀፈች የማያውቋት ሴት ከባሏና ከእናቷ ጋር ገባች። ዘንጉ ከድንኳኑ ሁለት ክንድ አይርቅም።

«ሎሪን፣ አውርጅው» አለ ዌንደል።

«ዴልመር አልተመለሰም።»

«ይመለሳል። አንቺ አውርጅው።»

«አይመለስም ዌንደል።» ስትናገር የማትቸኩለው ሎሪን ቃሏ ተደራረበ። «ታሟል። ያለ ባንዲራው አያውቀንም። አንድ ሁለት ደቂቃ ብቻ ስጠኝ።»

ዌንደል አያት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብሯቸው የቆመ ሰው ነው፤ የሆነ ነገር ሲገባው ፊቱ ላይ ታየ። በምዕራብ በኩል ሰማዩ ነጭ ሆነና ጠፋ። ሎሪን ድምፁ እስኪመጣ ሳታስበው ቆጠረች፤ አሥራ ስድስት ላይ ደረሰ።

«ስታዲየም ግቡ» አለች ለሰዎቹ። «እዚህ አትቁሙ፣ ሂዱ።»

«በዚህ በረዶ?» አለች ጨቅላ የያዘችው ሴት። በረዶው መውደቅ ጀምሮ ነበር፤ የመኪኖቹ ጣሪያ እንደ ቆርቆሮ ቤት ይጮኻል። ማንም ንቅንቅ አላለም።

እንደገና ነጭ ሆነ። አሁን የቆጠረችው አሥራ አንድ ነው።

ዌንደል ከድንኳኑ ወጥቶ ዘንጉን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ሎሪን ቀድማው እጇን ጫነችበት።

«አትንካው» አለችው።

ብረቱ መዳፏ ላይ ይነዝራል። ንፋሱ ይሁን ሌላ ነገር አላወቀችም። አንገቷን አዙራ ረድፉን ወደ ታች አየች፤ ዝናብና በረዶ ብቻ። ወደ ድንኳኑ ዞረች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ዓይን ሳይታዘዝ ይሠራልና ከጨቅላው ጀምሮ ቆጠረቻቸው። አሥር ነበሩ። ዌንደልን ስትጨምር አሥራ አንድ።

የታችኛውን መገጣጠሚያ ፈታችው። የመጀመሪያው ክፍል ወረደ፣ ሁለተኛው ወረደ፤ ሦስተኛው እንደ ልማዱ ተቀረቀረ። ባንዲራው ግማሽ ላይ ቆሞ በንፋሱ ይመታል። ጨርቁን ጎትታ በእጇ ጠቀለለችበትና ሙሉ ክብደቷን ጥላበት ጠመዘዘችው። ሲላቀቅ ሁሉም ባንዴ ወረደ። ዘንጉን መሬት ላይ አስተኝታ፣ ማንንም ሳታይ፣ ራሷን በእጇ ከልላ ወደ ረድፉ ጫፍ ሮጠች።

ሽንት ቤቶቹ ጋ አልነበረም። በሮቹን እየደበደበች ጠራችው። ከአንዱ ውስጥ የሌላ ሰው ድምፅ መለሰላት። በረዶው ሎሚ ያክላል፤ ትከሻዋንና ጀርባዋን ይቀጠቅጣታል። ወደ ግራ ያለውን ረድፍ ሄደች፣ ቀጥሎ ያለውን ተመለሰች። መኪኖቹ ሁሉ መስኮታቸው በትንፋሽ ተሸፍኖ ውስጣቸው አይታይም። ስሙን ስትጠራ ድምፁ ከአፏ ወጥቶ እዚያው ይወድቃል። ከብዙ ረድፍ በኋላ ቆም ብላ ወደ ራሷ ድንኳን ልትመለስ ዞረች፤ በየት በኩል እንደሆነ አጣችው። ቀይ ድንኳን የለም፣ ባንዲራ የለም፤ በየትም በኩል ያው እርጥብ ብረት ብቻ። እሱ በየሳምንቱ የሚያየው ይሄን ነው ማለት ነው ብላ አሰበች።

ያገኘችው በረዶው ካቆመ በኋላ፣ የመጀመሪያ እርዳታ በሚሰጡበት ድንኳን ውስጥ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ግንባሩ ተሰንጥቆ በፋሻ ተጠምጥሟል፣ ትከሻው ላይ ብርድ ልብስ አልብሰውታል። ያመጣው ሰው፣ ባርኔጣው በዝናብ የተበላሸ ጎልማሳ፣ ሳይሄድ ቆሞ ነበር።

«መኪና መተላለፊያው መሀል ነው ያገኘኋቸው» አላት። «በረዶው ሲወርድባቸው ንቅንቅ አላሉም። መኪናዬ ውስጥ ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉኝ። ‹አሁን እዚያ ነበር› ይላሉ፣ ወደ ሰማይ እየጠቆሙ። ጎትቼ ነው ያስገባኋቸው።»

«ከየት በኩል ነበር?»

«ከዚያ፣ ከትልቁ መብራት አጠገብ። ቢጫው ባንዲራ ከነበረበት ሁለት ይሁን ሦስት ረድፍ ወዲህ።»

ሎሪን አመሰገነችው። ምን ብላ እንዳመሰገነችው ኋላ ልታስታውስ አልቻለችም።

ጨዋታውን አላዩም። ዌንደልና አርሊስ ዕቃውን አንድም ነገር ሳያስቀሩ ጭነውላቸው ነበር፤ አርሊስ ሎሪንን አንገቷን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም። በመንገድ ላይ ዝናቡ ቆሞ የበቆሎው ማሳ በሁለት በኩል ረግፎ ይታይ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ዴልመር ጥርት ባለው የድሮ ድምፁ፣

«ባንዲራው ሲወርድ አየሁ» አላት።

ሎሪን መሪውን አጥብቃ ያዘች።

«እየመጣሁ ነበር። አይቼው እየመጣሁ ነበር። አንቺ ነሽ ያወረድሽው?»

ዌንደል ነው ልትለው ትችል ነበር። ንፋሱ ጣለው ልትለውም ትችል ነበር።

«እኔ ነኝ» አለችው።

«ሥሩ ሰው ነበር?»

«ነበር።»

«ስንት?»

«አሥራ አንድ። አንድ ጨቅላ ልጅ።»

ዴልመር በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ከፊታቸው አንድ የጭነት መኪና ይሄድ ነበር፤ ዓይኑን እሱ ላይ ጥሎ ቆየ።

«አይመዛዘንም» አለ በመጨረሻ። «አሥራ አንድ ለአንድ።» ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ «ቢሆንም ቆሜ ጠብቄ ነበር» አላት።

ሎሪን መኪናውን መንገድ ዳር አቁማ ለማልቀስ እንኳ አልቻለችም፤ ነዳች።

በማግስቱ ዌንደል ደወለ። መብረቁ ወደ ሰሜን ዞሮ አልፏል፣ ሜዳው ላይ አንድም አልወደቀም አላት። ለማጽናናት ነበር የደወለው፤ ከአፉ ሲወጣ ግን ምን ማለት እንደሆነ ገባው።

«አይታወቅም ነበር» አለችው ሎሪን።

«አይታወቅም ነበር» አለ እሱም።

ያ የመኪና ውስጥ ንግግር ዴልመር በሙሉ አእምሮው ያናገራት የመጨረሻው ነው። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ዕለት ወጥ ቤት ውስጥ ያለችው ሴትዮ መቼ ነው ወደ ቤቷ የምትሄደው ብሎ ሎሪንን ራሷን ጠየቃት። ከገና በፊት ጃኔል ከዴንቨር መጥታ፣ በአውራጃው ከተማ ካለው የአዛውንቶች መኖሪያ አስገቡት። በሩ ቁልፍ አለው፤ ግቢው በአጥር ተከቧል።

ሎሪን ዘንጉን ለትሮይ መለሰችለት፤ ሲጠይቃት «ጥሩ ዘንግ ነው፣ ይታያል» ብቻ አለችው። በስታዲየሙ ያላቸውን ወንበር ለዌንደል ልጅ አስተላለፈችላት። ቅዳሜ ቅዳሜ አሁን ወደ መኖሪያው ሄዳ ሬዲዮ ከፍታ ከዴልመር ጋር ጨዋታውን ትሰማለች። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ያንቀላፋል። ሰማዩ የጠቆረ ቀን ግን ማንም ሳይቀሰቅሰው ይነሳል፤ መሀል ወለሉ ላይ ይቆምና ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ ይቀራል። ነርሶቹ ተቀመጥ ቢሉት አይሰማም፤ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። የሚያስታምሙት ሰዎች ምን እንደሚጠብቅ ሎሪንን ጠይቀዋታል። እሷ አላውቅም ነው የምትላቸው። ወንበሩን ከኋላው ታስጠጋለታለች፤ ድንገት ጉልበቱ ቢከዳው እንዳይወድቅ።